ሁለት ዕድሜ ያላት ሯጭ

ይህን ጽሑፍ አንብቦ ሮምን አየሁ የሚል ሰው እንዳይኖር አስቀድሜ ልናገር፤ እኔም አላየኋትም። ስድስት ቀን ሙሉ ያየሁት አንድ የእንግዳ ማረፊያ፣ አንድ የስፖርት አዳራሽና የማያባራ ዝናብ ነው። ትልልቆቹን የጥንት ፍርስራሾች በአውቶቡስ መስኮት አልፌያቸዋለሁ። የምጽፈው ስለ አንዲት ልጅ እግርና ስለ አንድ ቅጽ ነው።

አሰላ ውስጥ የስፖርት አስተማሪ ነኝ። ተማሪዬ ትርንጎ መጀመሪያ የክፍለ ሀገራችንን ሴቶች፣ ቀጥሎ አዲስ አበባ ላይ የመጡትን ሁሉ ቀደመችና ሮም ለሚካሄድ ማራቶን ተመረጠች። የአዘጋጆቹ ደብዳቤ ሴት ሯጭ ያለ ሴት አጃቢ እንዳትመጣ ይል ነበር፤ ስለዚህ «ጽጌ ትሂድ» ተባለ። ደስታዬ ግማሽ ቀን አልቆየም። በዚያ ዘመን ለማንም ሰው ሮምን በነጻ የሚያሳይ አልነበረም። ውጭ የሚሄድን ሰው የሚጠብቅ ይላካል፣ ጠባቂውንም የሚጠብቅ ይላካል። እኔ ልጅቷ እንዳትጠፋ መላኬ ገብቶኛል፤ በእኔ ላይ የተላከው ማን እንደሆነ ግን እስክሳፈር ድረስ ሳስብ ነበር።

ማክሰኞ አውሮፕላን ማረፊያ እንደደረስን የቡድን መሪያችን ጓድ ደምሴ ፓስፖርታችንን ሰበሰበ። «ለደህንነቱ ነው» አለና ጥቁር ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ያንን ቦርሳ ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳን አይለየውም። ከእኛ ሌላ ሁለት ወንዶች ሯጮች ነበሩ፤ እርስ በርሳቸው ብቻ ስለሚያወሩ እዚህ ሌላ የምለው የለኝም። ትርንጎ አውሮፕላን ውስጥ የራሷን ምግብ ጨረሰች፣ የእኔንም ጨረሰች፣ ከዚያ ጆሮዬ ላይ ተጠጋች።

«እትዬ፣ ለጓድ ደምሴ ካልነገሩብኝ አንድ ነገር ልንገርዎት?»

«ተናገሪ።»

«ቅልጥሜን ያመኛል። ሁለት ሳምንት ሆነው። ግን እሮጣለሁ።»

ለምን እንደምትሮጥ አውቃለሁ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ወድቃለች። ሮም ላይ እስከ አሥረኛ ከወጣች ግን አንድ የአዲስ አበባ ክለብ ሊወስዳት ቃል ገብቶላታል፤ አልጋ አለ፣ የማታ ትምህርት አለ። ካልሆነ ግን የአክስቷ ጠላ ቤት ነው የሚጠብቃት። አልነግርብሽም አልኳት። ልክ ይሁን ስህተት አላሰብኩበትም።

ረቡዕ ጠዋት ሮም በዝናብ ተቀበለችን። ከባቡር ጣቢያው ከቴርሚኒ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ አጠገብ አንዲት ሲኞራ የምታስተዳድረው ማረፊያ ገባን። እኔ ፒያሳ ሲባል የማውቀው የአዲስ አበባውን ብቻ ነው፤ ያ የወርቅ ቤትና የኬክ ቤት ሰፈር የቦታ ስም ይመስለኝ ነበር። እዚያ ግን በየሁለት መቶ እርምጃው አንድ ፒያሳ አለ። ለካስ ፒያሳ ማለት አደባባይ ነው። ዕድሜ ልኬን «ፒያሳ አደባባይ» ስል አደባባይ አደባባይ እያልኩ ኖሬያለሁ ማለት ነው፤ ማንም አላረመኝም።

ሲኞራዋ ፓስፖርታችንን ከጓድ ደምሴ ተቀብላ ስማችንን ለፖሊስ በምትልከው ወረቀት ላይ ትጽፍ ጀመር። የትርንጎ ዘንድ ስትደርስ ቆመች። ፓስፖርቱን አየች፣ ልጅቷን አየች፣ በጣቷ ቆጠረች። «ቬንቲኳትሮ?» አለች። ከዚያ «ባምቢና!» ብላ የትርንጎን ጉንጭ ቆነጠጠች። ጓድ ደምሴ ቶሎ ፓስፖርቱን ወስዶ ዘጋው። እኔ የገባኝ ሌላ ነበር። የአገራችን ረሃብ በዚያ ሰሞን በየቤቱ ቴሌቪዥን ይታያል፤ ሴትዮዋ ልጃችንን ረሃብተኛ አድርጋ ያየቻት መስሎኝ ተናደድኩ። ይባስ ብላ ዳቦ፣ አይብ፣ ባቄላ ያለበት ሾርባ አምጥታ ደረደረችልን። ምጽዋት አልበላም ብዬ ተቀመጥኩ። ሾርባው ሲሸተኝ ግን በላሁ፤ ጥሩ ነበር፣ ቅመም ብቻ ይጎድለዋል።

ከሰዓት በኋላ የልጅቷን እግር ላጥብ አልኩ። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ጎን ሌላ ዝቅ ያለ ነጭ ገንዳ አለ፣ የራሱ ቧንቧ ያለው። እነዚህ ሰዎች እንዴት ያስባሉ፣ ለእግር መታጠቢያ ለብቻው ሠርተዋል ብዬ አደነቅኩ። ትርንጎን ወንበር ላይ አስቀምጬ እግሯን ከገንዳው ውስጥ አስገባሁና ቧንቧውን ከፈትኩ፤ ውሃው ወደ ላይ ተፈናጥሮ ፊቴን አጠበኝ። ሲኞራዋ ጩኸታችንን ሰምታ ገባች። ገንዳው ለእግር ሳይሆን ከሽንት ቤት በኋላ ለመታጠብ እንደሆነ በእጇ ምልክት አስረዳችን። ሀፍረቴን አልረሳውም። እሷ ግን ሳቋን ጨርሳ ወለሉን ስትወለውል ዓይኗ የትርንጎ ቅልጥም ላይ አረፈ። ያበጠ ነበር፣ ሲነኩት ይሞቃል። ፈጥና ወጣች፤ ስልክ ስትደውል ሰማሁ። ለማን ነው የምትደውለው? ለፖሊስ ነው ከማለት ሌላ ማሰብ አልቻልኩም።

ሐሙስ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ሲኞራዋ ነበረች፣ ከኋላዋ ነጭ ጫማ ያደረገች የእኛ አገር ሰው የምትመስል ሴት ድስት ይዛ ቆማለች።

«እንደምን አደራችሁ። ለተብርሃን እባላለሁ፣ ነርስ ነኝ። ከዚህ ቅርብ ነኝ፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ። ሲኞራ ትናንት ደወለችልኝ፤ አንዲት ልጅ እግሯን ታማለች አለችኝ። ቱርኖዬ፣ የሥራ ፈረቃዬ፣ ስምንት ሰዓት ነው የሚጀምረው፣ አሎራ፣ ከዚያ በፊት ልያት ብዬ።»

ስሜን ነገርኳት። አማርኛዋ የጠራ ነው፤ አስመራ ትምህርት ቤት በአማርኛ እንደተማረች፣ እናቷ አሁንም እዚያ እንዳሉ ነገረችን። እኔ ግን የሰማሁት አስመራ የምትለውን ቃል ብቻ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ወንድሙን ያልቀበረ ሰው በሌለበት ዘመን፣ አንዲት የአስመራ ሴት የመንግሥት ቱታ ለለበሰ ቡድን ሽሮ ሠርታ የምትመጣበት ምክንያት ምንድነው? ልጅቷን ልታስኮበልልብኝ ነው፤ ወይም ደብዳቤ ልታሲዘኝ ነው፤ ወይም ሽሮው ውስጥ የሆነ ነገር አለ። ድስቱ ተከፍቶ ቁጭ አለ፤ እጄን አልዘረጋሁም። ትርንጎ ስትዘረጋ እጇን መታሁት። ለተብርሃን አየችኝ።

«ቫ ቤኔ፣ ይሁን» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ልጀምርልዎት፣ ወይዘሮ ጽጌ።» ዳቦ ቆርሳ አጠቀሰች፣ ዋጠች፣ ደግማ ቆረሰች። ከዚያ በኋላ በላን። ስለዚያ ጠዋት ሳስብ አሁንም እፍረት ይሰማኛል።

እግሯን በጣቷ ጫን እያለች መረመረችው። አንድ ቦታ ላይ ትርንጎ ጮኸች።

«ስንት ዓመትሽ ነው፣ የኔ እመቤት?»

«አሥራ ስድስት» አለች ትርንጎ።

ለተብርሃን ቀና አለች። ለሲኞራዋ «ሴዲቺ» አለቻት፣ ሁለት ጊዜ፤ ሲኞራዋ ራሷን ይዛ ታማትብ ገባች።

«እሑድ የሚሮጠው ማራቶን ነው አይደል? ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች አይፈቀድም እኮ። ዶኩሜንቲ ሲያዩ እንዴት አሳለፏት?»

«ወረቀታችን ንጹሕ ነው» አልኩ።

«ወረቀቱን አይደለም የምለው፣ እትዬ ጽጌ። አጥንቷን ነው። የአጥንቷ ጫፍ ገና እያደገ ነው። አሁን ውስጡ የተሰነጠቀ ይመስለኛል። አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር አስፋልት ብትረግጥበት ይሰበራል። ከተሰበረ ደግሞ አንድ እሑድ ሮጣ ዕድሜ ልኳን ታነክሳለች። ደንቡን ያወጡት ለዚህ ነው፣ ሰው ሊከለክሉ ብለው አይደለም።»

ስትሄድ ጓድ ደምሴ ኮሪደር ላይ ጠበቀኝ። «ማን ናት?» አለ። ነገርኩት። «ተጠንቀቂ» አለኝ። ከዚያ በፊት ይህን ቃል እሱ አልነገረኝም ነበር፤ እኔው ለራሴ ስናገረው ነው የሰነበትኩት። ከእሱ አፍ ስሰማው ግን ደስ አላለኝም።

አዳሬን አንድ ነገር ስቆጥር ነበር። ከአሥራ ስምንት በታች ካልተፈቀደ፣ ልጅቷ አሥራ ስድስት ከሆነች፣ ሲኞራዋ በጣቷ የቆጠረችው ምንድነው? ደግሞ ጓድ ደምሴ ፓስፖርቱን እንዲያ ተቻኩሎ የዘጋው ለምንድነው? አርብ ቁርስ ላይ ብቻውን አገኘሁትና የልጅቷን ፓስፖርት አሳየኝ አልኩት። አንገራገረ፤ አልነሳም ስል አወጣው። የትውልድ ዘመን በሚለው ቦታ 1961 ይላል። እኛ ዘንድ ትርንጎ የተወለደችው ስልሳ አንድ ነው፣ እውነት ነው። ግን የተጻፈው በእንግሊዝኛው ክፍል ላይ፣ በፈረንጅ ቁጥር፣ ዓመተ ምሕረት የሚል ቃል ሳይኖረው ነው። ፈረንጅ ሲያነበው ልጅቷ ስምንት ዓመት ቀድማ ተወልዳለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ሲኞራዋ ቬንቲኳትሮ ያለችው ይህንን ሃያ አራት፣ ባምቢና ያለችው ደግሞ ፊቷ የቆመችውን ሕፃን ነበር።

«አንተ ነህ» አልኩት። «አውቀህ ነው ያስጻፍከው።»

ጓድ ደምሴ አልተቆጣም። ያ ነው ያስፈራኝ። ቦርሳውን ከፍቶ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ለፓስፖርት የተሞላው ቅጽ ግልባጭ ነበር። ጽሕፈቱን አወቅሁት፤ የሰባት ቁጥርን አንገቷን የምቆርጥ እኔ ብቻ ነኝ። የትርንጎ የእንግሊዝኛ ጽሕፈት ስለማይነበብ የትምህርት ቤቱን መዝገብ ዘርግቼ፣ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ፣ ቅጹን የሞላሁላት እኔ ነኝ። መዝገቡ ላይ ያለውን ገለበጥኩ። መለወጥ እንዳለበት ለአፍታ እንኳን አልመጣልኝም። ሰውን ሁሉ ስጠረጥር ቆይቼ የራሴ እጅ ሆኖ ተገኘ።

«እኔ ያወቅሁት አውሮፕላን ልንሳፈር ሁለት ቀን ሲቀረን ነው» አለ። «ደንቡን ሳነብ ደነገጥኩ፤ የቅጹን ግልባጭ አስወጥቼ ሳይ ተረጋጋሁ። ወረቀቱ ራሱ ጣጣውን ጨርሶልናል።»

«እግሯ ሊሰበር ነው።»

«በእሷ ዕድሜ ጠመንጃ ይዘው ግንባር ያሉ ልጆች አሉ። ዕድሜያቸውን የጠየቀ አለ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከተናገርሽ፣ ጓድ ጽጌ፣ አሻጥር ነው የሚባለው። የማን ጽሕፈት ነው ተብሎ ሲጠየቅ ደግሞ የእኔ አይደለም። ልጆች አሉሽ። እኔም አሉኝ።»

ስለ ልጆቹ ያለው ከልቡ መሆኑን ድምፁ ይናገር ነበር። ፈርቶ ነው። እኔም ፈራሁ። ወደ ክፍሌ ተመልሼ ትርንጎን ሳያት ቅልጥሟን በሲኞራዋ ፎጣ ጠምጥማ ሰውነቷን ታፍታታለች።

አገር ቤት ሴት ልጅ በስምንት ዓመቷ ውሃ ትቀዳለች፣ በአሥራ አራት ትዳራለች፤ ዕድሜ የሚጠየቀው ሰው ሲሞት ነው። እዚያ ግን የማረፊያ ቤት ባለቤት ሳይቀር ትጠይቃለች። መጀመሪያ ላይ ይህ ስለላ መስሎኝ ነበር። አርብ ማታ ግን ሰው ልጄን ስንት ዓመቷ ነው ብሎ ቢጠይቅልኝ ብዬ ተመኘሁ።

ቅዳሜ የስም ማረጋገጫ ቀን ነበር። ቃል የተገባልን አስተርጓሚ አልመጣም። ለተብርሃን ግን የልጅቷን እግር ልታይ መጥታ ነበርና «እኔ አስተረጉማለሁ» አለች። ጓድ ደምሴ ከላይ እስከ ታች አያት፤ ጣልያንኛ ስለማይችል እሺ ከማለት ሌላ ምርጫ አልነበረውም። እኔ እናገራለሁ ብዬ አልሄድኩም። ይህን ሳልሸሽግ ልጻፈው። ዝም ልል ነበር የሄድኩት።

አዳራሹ በሯጮች ተሞልቷል፣ የካምፎር ቅባት ሽታ አለው። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጡት ነጭ ፂም ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። የወንዶቹን ፓስፖርት በፍጥነት አሳለፉ። የትርንጎን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ። ልጅቷን አዩ፤ ክንዷን፣ ፊቷን፣ የሹራብ እጀታዋን የምታኝክበትን ሁኔታ አዩ። የሆነ ነገር ተናገሩ።

«ዕድሜዋን ራሷ ትንገረኝ ይላሉ» አለች ለተብርሃን።

ጓድ ደምሴ ጉሮሮውን ጠረገ። ትርንጎ እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«ሃያ አራት» አለች። 

ለተብርሃን ወዲያው አላስተረጎመችም። ዓይኗን ወደ እኔ መለሰች። ራሴን ብነቀንቅ ይበቃት ነበር፤ የልጅቷን ቃል እንዳለ ታስተላልፋለች፣ ሁላችንም በሰላም እንወጣለን። አልነቀነቅኩም። አየኋት፤ ሌላ ያደረግኩት ነገር የለም።

«ሴዲቺ» አለች ለተብርሃን። ቀጥላ ረዘም አድርጋ አንድ ነገር ተናገረች፣ ጸጥ ባለ ድምፅ፣ ለሌላው ሁሉ እንደምታስተረጉመው አድርጋ።

ሽማግሌው ፓስፖርቱን ዘግተው መለሱ። ከፊታቸው ካለው ዝርዝር ላይ አንድ መስመር ሰረዙ፤ ለትርንጎ ተዘጋጅቶ የነበረውን ቁጥር የተጻፈበትን ጨርቅ አጥፈው ከጠረጴዛው በታች አስገቡት። ለልጅቷ እጃቸውን ዘርግተው ጨበጧት።

«ምን አልሻቸው?» አለ ጓድ ደምሴ።

«ያለችውን» አለች ለተብርሃን።

ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ነሽ። ቀድመሽ መጥተሽ ነግረሻቸዋል።»  ትርንጎ አመነችው። እስከ ማረፊያው ድረስ አላናገረችኝም፤ በሩ ላይ ስንደርስ ብቻ «እኔ ሃያ አራት ነኝ ብያለሁ እኮ» አለች። «እኔ ድርሻዬን ተወጥቻለሁ፣ እትዬ።» ሌላ ነገር ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ ሩጫው ከማረፊያችን ብዙ በማይርቅ ጎዳና ያልፍ ነበር። እንሂድ አልኳት፣ ሄድን። የብረቱን አጥር ተደግፋ ሴቶቹን በጣቷ ትቆጥራለች። አሥረኛዋ ከዘጠነኛዋ ብዙ ዘግይታ መጣች፣ ቀይ ካናቴራ የለበሰች ወፍራም ሴት፣ እግሯን እየጎተተች።

«ይቺን እቀድማት ነበር» አለች ትርንጎ።

ትቀድማት ነበር። ያንን ሁለታችንም እናውቃለን። ጠምጥማው በነበረው ፎጣ ውስጥ ቅልጥሟ ከጠዋቱ የበለጠ አብጦ ነበር፤ ቆማ እንኳን ክብደቷን በአንድ እግሯ ነው የጣለችው። ያንን ግን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሰኞ ስንመለስ ለተብርሃን ቴርሚኒ ድረስ መጥታ ለትርንጎ ፋሻና የሕመም ማስታገሻ ሰጠቻት፤ ስድስት ሳምንት እንዳትሮጥ አስማለቻት። እኔ እስከ መጨረሻው ደብዳቤውን ስጠብቅ ነበር። ለእናቴ አድርሱልኝ ትላለች፣ ወይም አንድ ስም በጆሮዬ ትነግረኛለች፣ ይህ ሁሉ ደግነት ለዚያ ነው ብዬ። አንድም ነገር አልጠየቀችኝም።

«ቅዳሜ ያልኩትን ሰምተዋል፣ አይደል?» አለችኝ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል።

«ጣልያንኛ አልችልም» አልኳት።

ሳቀች። «ቫ ቤኔ፣ እትዬ ጽጌ።» ሳመችኝ፣ ሦስት ጊዜ፣ እንደ አገራችን።

ከተመለስን በሳምንቱ ለስብሰባ ተጠራሁ። ጓድ ደምሴ ተነስቶ ሪፖርቱን አነበበ። «ልጅቷ ሃያ አራት ብላለች፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ታዲያ ጣልያኑ አሥራ ስድስትን ከየት አመጣው? ወይ ያቺ የአስመራ ሴት ናት፣ ወይ ጓድ ጽጌ ናት» አለ። የለተብርሃንን ሙሉ ስም ከነሰፈሯ ጽፎ ይዞ ነበር። አስመራ ያሉት እናቷ ትዝ አሉኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እሷ ስታስተረጉም እኔ ከኋላ ሆኜ በጣቴ አሳየኋቸው። መጀመሪያ አሥር፣ ቀጥሎ ስድስት።» ሰው ሁሉ ፊት ጣቶቼን ዘርግቼ አሳየሁ። አመኑኝ። ቅጹንም የሞላሁት እኔ እንደሆንኩ ጨመርኩላቸው። ግለሂስ ጻፊ ተባልኩ፤ አጠረ ተብሎ ሦስት ጊዜ መለሱብኝ። ከእንግዲህ ከማንም ቡድን ጋር እንዳልጓዝ ተወሰነ። ከዚህ የከፋ ጠብቄ ስለነበር እንደ ተረፍኩ ቆጠርኩት።

ትርንጎ ትምህርት ቤት መጥታ አታናግረኝም። እግሯን ግን አሳረፈች፤ ልጆቹን ጠይቄ አረጋግጬ ነበር። ፓስፖርቱ ሳይታረም ከቆየ ደግሞ ክለብ ውስጥም ሆነ ውጭ ስትሄድ ዕድሜዋ ስምንት ዓመት እንደ ጨመረ ይኖራል፤ በጉብዝናዋ ዘመን ወረቀቱ አሮጊት ያደርጋታል። ኅዳር አሥራ ሦስት አዲስ አበባ ይዣት ሄድኩ። በአውቶቡስ ሙሉ መንገድ በመስኮት ስታይ ነበር። መሥሪያ ቤቱ መስኮት ላይ ደርሰን ስህተቱን አስረዳሁ። ጸሐፊው አዲስ ቅጽ አውጥቶ ሊሞላ ብዕሩን አነሳ፤ እኔ ልናገር አፌን ስከፍት እጁን አነሳብኝ።

«እሷን ነው የምጠይቀው። ዕድሜ?»

«አሥራ ሰባት» አለች ትርንጎ።

 እንደገና ልትዋሽ ነው፣ አሁንም ሌላ ወረቀት ልታበላሽ ነው ብዬ ክንዷን ያዝኳት።

«ምን ማለትሽ ነው? አሥራ ስድስት ነሽ እኮ!»

ሮም ላይ ከጠረጴዛው ከተነሳን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየችኝ።

«ትናንት ሚካኤል አልነበር፣ እትዬ?» አለች። «ሞላኝ።»